ርካሽ ቤት ያለባት ከተማ

ባለቤቴ እዚህ አሜሪካ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መንገድ ላይ ያየውን ማታ ማታ በስልክ ያጫውተኛል። አምና ግን ጨዋታው ሁሉ ስለ አንዲት ከተማ ሆነ፤ በኢሊኖይ ደቡባዊ ጫፍ፣ ኦሃዮና ሚሲሲፒ የሚገናኙባት ካይሮ። በግብፅ ከተማ የተሰየመች ብትሆንም ነዋሪዎቿ «ኬሮ» ነው የሚሏት።

«እኛ ለሁለት ዓመት ኪራይ የምንከፍለው እዚያ ቤት ይገዛል። ልጆቹን ይዘን እንሂድ» አለኝ።

እናቴ ከቤት በፊት ጎረቤት ይታያል ትል ነበርና፣ እኔም ስለ ከተማዋ ማንበብ ጀመርኩ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ሞቅ ያለች ወደብ ነበረች። የእንፋሎት መርከቦች ጭነታቸውን ያራግፉባታል፤ ባቡሮችም በጀልባ ተጭነው ወንዙን ይሻገሩባታል። ጫኝና አውራጁም ሆነ ባለሆቴሉ እንጀራው ከሚቆመው መንገደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 በኦሃዮ ወንዝ ላይ የባቡር ድልድይ ተሠራ፤ ባቡሩ ሳይቆም ያልፍ ጀመር። የመኪና ድልድዮች ሲከተሉ የማሻገሪያ ጀልባዎቹ ሥራ ፈቱ። በ1978 ደግሞ አዲሱ አውራ ጎዳና ከተማዋን በጎን ትቷት አለፈ። በ1920 ከ15 ሺሕ በላይ የነበረው ሕዝቧ በ2020 ወደ 1,700 ገደማ ወርዷል።

ድልድይ ብቻውን ግን ከተማ አያፈርስም። በ1967 ለእረፍት የመጣ አንድ ጥቁር ወታደር በእስር ቤት ሞቶ ተገኘ፤ ከተማዋም ታመሰች። በ1969 ጥቁር ነዋሪዎች «ከማይቀጥረን ሱቅ አንገዛም» ብለው አደሙ። ብዙ ነጭ ነጋዴዎች ጥቁር ሠራተኛ ከመቅጠር ሱቃቸውን መዝጋት መረጡ። የመዋኛ ገንዳው እንኳ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዳይዋኙ ተዘግቶ ቀረ።

ይህን ሳነብለት ባለቤቴ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ያ ድሮ ነው። እኔ የደከመኝ የሰው ቤት ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ኖረናል።

ትንሿ ልጃችን ግን አስም አለባት፤ ሌሊት ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይዘናት ወደ ሆስፒታል የምንሮጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የካይሮ ሆስፒታል የተዘጋው በ1986 ነው። በ2015 ደግሞ የምግብ ሸቀጥ መደብሩ ተዘጋ። የቤቱ ዋጋ የወረደው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሻጩ ያልጠየቀንን ገንዘብ በየሳምንቱ ለነዳጅ፣ በክፉ ቀን ደግሞ በልጃችን ትንፋሽ እንከፍለዋለን።

ወንዞቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። እህል የጫኑ ረጃጅም ጀልባዎች ያልፋሉ፤ ከተማዋ ያጣችው የሚቆምላትን ሰው ነው።

አልሄድንም፤ አሁንም ኪራይ እንከፍላለን። ባለቤቴ ግን በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር መኪናውን አቁሞ ምሳውን ካይሮ ይበላል። «አስተናጋጇ አወቀችኝ» ብሎ ሲነግረኝ ድምፁ ደስ ይለዋል።