የሰፈሩ ሜዳ ጌታ ማን ነበር?

በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላደገ ሰው መናፈሻ ማለት ብሔረ ጽጌ ነበር፤ እሱንም የምናየው በሰው ሠርግ ነው። የየቀኑ አረንጓዴያችን የሰፈሩ ሜዳ ነበር።

ጠዋት ልብስ ይሰጣበታል፣ ከሰዓት የካልሲ ኳስ ይጠለዝበታል፣ ሰው ሲሞት የዕድር ድንኳን ይተከልበታል፣ መስከረም 16 ደመራ ይበራበታል። ክረምት ላይ ሣሩ ሲያድግ በግ ያላቸው እናቶች «ሣሩን ፈጃችሁት!» እያሉ ያባርሩን ነበር። ነገሩ ሲከር የዕድሩ ዳኛ ዘንድ ደረሰ። «እስከ አሥር ሰዓት ለበጎቹ፣ ከዚያ ወዲያ ለልጆቹ» ብለው ፈረዱ። ይግባኝ የለም። (ጋሼ ራሳቸው በግ እንደነበራቸው የተገለጠልን ቆይቶ ነው።)

በሕግ ካየነው ከሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታ አዋጅ ወዲህ ሜዳው የመንግሥት ነው፤ በሰፈር ደረጃ መንግሥት ማለት ደግሞ ቀበሌ ነበር። ቀበሌን ላመሰግን አይደለም፣ ስንቱን ወጣት በልቷል። ነገር ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር የሚያድረው እዚያው ሰፈር ነበር፤ ሜዳውን ቢነካ ማታ የሚያልፈው በእናቶቹ ደጅ ነበር።

በ1986 የሊዝ አዋጅ ሲመጣ ክፍት ቦታ ዋጋ አወጣ። ሜዳችን ካርታ አልነበረውም፣ ስለዚህ ጠበቃም አልነበረውም። ችካል ተተከለ፣ ቆርቆሮ አጥር ተከተለ፣ ቀጥሎ ፎቅ። ማን እንደወሰነ የነገረን የለም።

ጃን ሜዳ እንኳ በ2012 በኮሮና ሰበብ አትክልት ተራ ሆኖ ነበር። ለ2013 ጥምቀት የተለቀቀው ታቦት የሚያድርበት ስለሆነ፣ የሚጮህለትም ሕዝብ ስላለው ነው። ለእኛ ሜዳ ማን ይጩህ?

እንጦጦ ፓርክም ወዳጅነት ፓርክም ያምራሉ፣ አልክድም። በ2009 የጸደቀው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላንም 30 በመቶውን መሬት ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ መድቧል። ይሁን እንጂ አንድነት ፓርክ በ2012 ሲከፈት መግቢያው 200 ብር ነበር። ቲኬት ቆርጦ ልብስ የሚያሰጣ ወይም ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ሰፈራችሁ ውስጥ እስከ ዛሬ የተረፈ ሜዳ ካለ፣ ችካሉ ሳይቀድማችሁ ዕድራችሁን ይዛችሁ ወረዳ ሂዱና በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ጠይቁ።