ባቡር ያደረበት ቤት፦ ቡፌ ዳዋሽና የመቆየት ታሪክ

ከጅቡቲ የተነሣው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። መንገደኛው የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድርና በሦስተኛው ቀን ዋና ከተማው ይገባል። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የሚገኘው ቡፌ ዳዋሽ የዚህ ግዴታ ልጅ ነው። ሰው ወደዚያ የሚመጣው ቤቱን መርጦ ሳይሆን ባቡሩ ስለ ቆመ ነው።

ለረጅም ዘመን ግሪኮች ያስተዳደሩት ይህ ቤት መኝታን፣ ማዕድንና መጠጥን በአንድ ጣሪያ ሥር አስተባብሯል። በቡገንቪሊያ ያጌጠው በረንዳ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ለደከመ ሰው እውነተኛ ዕረፍት ነበር። ይሁን እንጂ ትዝታው ልዩነቱን ሊሸፍን አይገባም። የባቡሩ ትኬት በማዕረግ የተከፋፈለ ነበርና የአንደኛና የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ አንዱን ንጋት ቢጠብቁም አንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር።

የመጠጡም ታሪክ ከመጓጓዣው አይለይም። ሴቶች በየቤታቸው ከጌሾና ከብቅል የሚጠምቁት ጠላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚሆመጥጥ በተጠመቀበት ሰፈር ይጠጣል። በጠርሙስ የታሸገ ቢራ ግን ርቆ መሄድ ይችላል። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922፣ ሐዲዱ ከገባ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ቡፌው መንገደኛ የሆነውን መጠጥ ለመንገደኛ ሲያቀርብ፣ ጠላ ቤቱ የአገሬውን ደጅ ይዞ ቆየ።

ቡፌውን ያዳከመው የደንበኛ ጥላቻ ሳይሆን የፍጥነት መሻሻል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣችው ሊቶሪና፣ ኋላም የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጉዞውን አሳጠሩት። አሮጌው መስመር በበኩሉ እያረጀ ሄዶ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሥራ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዳማ ከከተማው ወጣ ባለ ጣቢያ ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ወደ ጉዳዩ ይቸኩላል። ከሞጆ ወደ ዓለም ጤናና መቂ በሚወስደው የመኪና መንገድም ምሳ የሚበላበትን ቤት የሚመርጠው ሾፌሩ ነው። የሁሉንም ሰዓት በአንድነት የሚያስር ደወል የለም።

እንግዲህ ቅርስ ጥበቃ በግድግዳና በበረንዳ ብቻ ቢወሰን ግማሹን ያጣል። የቡፌው ማንነት የተሠራው ከድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ከመቆየትም ጭምር ነው። ምግብ ያበሰሉት፣ አልጋ ያነጠፉት፣ በፉርጎው መስኮት ሥር የሸጡት ሰዎች እንጀራቸውን ያገኙት ከዚያ መቆየት ነበር። ሕንፃው ሊታደስ ይችላል፤ የእነርሱ ቃል ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካልተመዘገበ የሚታደስበት መንገድ የለም። «ለገሃር» የሚለው የፈረንሳይኛ ውርስ ባቡሩ ከቀረ በኋላም የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ሆኖ ኖሯል። ስሙ የቀረው ሰው በየዕለቱ ስለ ጠራው ነው፤ የአዋሽ ሌሊቶች ግን ጠሪ ይሻሉ።