ሜዳውን የሚያሰምሩት አሰልጣኝ

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ መምህራችን የስፖርት ሰዎችን ስም በብጫቂ ወረቀት ጽፈው እጣ አስወጡን። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ አሌክስ ፈርጉሰን ደረሰው። እኔ ወረቀቴን ስከፍት «ኤዲ ሮቢንሰን፣ ግራምብሊንግ» ይላል። ማን ናቸው? የእግር ኳስ አሰልጣኝ ናቸው ስባል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካኖቹ ኳስ ነው! ዕድሌን እየረገምኩ ላይብረሪ ገባሁ።

በሁለት ቀን ጽፌ ጨረስኩ። ቁጥሩ ብቻውን ያስደነግጣል። ሮቢንሰን በሉዊዚያና ግዛት በሚገኝ አንድ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፤ የለቀቁት በ1997። 408 ጊዜ አሸንፈዋል፣ 165 ጊዜ ተሸንፈዋል፣ 15 ጊዜ አቻ ወጥተዋል። በ1942 ቡድናቸው ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውቶ ዘጠኙንም ሲያሸንፍ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። በ1985 ደግሞ በቤር ብራያንት ተይዞ የነበረውን የ323 ድል ክብረ ወሰን ሰበሩ። ከ200 በላይ ልጆቻቸው ፕሮፌሽናል ሆነዋል። ይህን ሁሉ ደርድሬ አስረከብኩ።

ወረቀቴ ሲመለስ ከላዩ ላይ በቀይ «ሰውየው የት አሉ?» ተብሎ ተጽፎበታል። ያገኘሁትን ማርክ አልነግራችሁም።

እየተናደድኩ እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። ሮቢንሰን ሥራውን ሲይዙ ደህና ረዳት እንኳ አልነበራቸውም። ሳሩን ያጭዳሉ፣ የሜዳውን መስመር ያሰምራሉ፣ የተጫዋቾቹን ቁርጭምጭሚት ያስራሉ። ቡድኑ ለጨዋታ ሲጓዝ በየመንገዱ ያሉት ምግብ ቤቶች ጥቁር ስለማያስተናግዱ ለልጆቹ ሳንድዊች ያዘጋጃሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ዘገባውን ለጋዜጣ የሚጽፉት ራሳቸው ነበሩ።

እዚህች ጋ ቆም አልኩ። አሰልጣኝ ምን ቤት ነው ዜና የሚጽፈው? የሚጽፍለት ስለሌለ ነዋ! ካልተጻፈ ያ ሁሉ ድል ከዚያች ትንሽ ከተማ አይወጣም።

በ1948 ኮሌጁ ኮሊ ኒኮልሰን የሚባሉ ሰው ቀጠረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማሪን ጦር ዘጋቢ የነበሩ ናቸው። እሳቸው የግራምብሊንግን ወሬ በመላ አገሪቱ ላሉ የጥቁሮች ጋዜጦች ይልኩ ጀመር። በ1949 ታንክ ያንገር ከጥቁሮች ኮሌጅ ወጥቶ በኤንኤፍኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቡድኑ በ1968 ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም፣ በ1976 ደግሞ ቶኪዮ ድረስ ሄዶ ተጫወተ። በ1988 የሮቢንሰን የቀድሞ ተጫዋች ዳግ ዊሊያምስ በኳርተርባክነት ቡድኑን መርቶ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ለመሆን በቃ። 408ቱን ጨዋታ ያሸነፉት ሮቢንሰንና ልጆቻቸው ናቸው። እኔ ግን ታሪኩን ላይብረሪ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጻፈው ነው።

ይህን ሳስብ አገር ቤት ያሉት የስፖርት መምህራችን ትዝ አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኖራ በጣሳ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ሜዳውን ሲያሰምሩ እስካሁን ይታየኛል። ኳሳችን ሲቀደድ በገዛ ገንዘባቸው ያሰፉልን ነበር። ስንት ጨዋታ አሸነፍን? ስንቱን ልጅ ከመጥፎ ቦታ መለሱ? ማንም አያውቅም፤ የጻፈ የለማ። እኔ ጋዜጠኝነት እያጠናሁ ስለ ሉዊዚያና ሰው ሁለት ጊዜ ስጽፍ ስለ እሳቸው አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ሮቢንሰን በመጨረሻ ዘመናቸው በአልዛይመር በሽታ ተይዘው እ.ኤ.አ. በ2007 ዐረፉ። ትዝታቸው ከራሳቸው ቢጠፋም ወረቀት ላይ ቀርቷል። የእኔ መምህርም ጡረታ ወጥተዋል፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ መጻፍ ፈልጌ ነበር» ስላቸው ሳቁብኝ።

«እኔ ደግሞ ምን ሠራሁና?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «በል ለፋሲካ ስትመጣ ብቅ በል፤ ቡና አይጠፋም» አሉኝ። ደብተሬን ከአሁኑ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻለሁ።