ትንፋሽ ስቆጥር ያደርኩበት ሌሊት

ባለፈው ወር የልጅ ልጄን ጉንፋን ያዘው። ገና ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ሰኞ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ማክሰኞ ማሳል ጀመረ፣ ረቡዕ ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ አሞክሲሲሊን ካፕሱል ይዛ መጣች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ነው። ከፍታ ዱቄቱን ግማሽ በግማሽ በማር ልትሰጠው ነው ያሰበችው።

«ይኼ ለምኑ ነው?» አልኳት።

«ንፍጡ አረንጓዴ ሆኗል እኮ እማዬ። ኢንፌክሽን ነው።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስላገለገልኩ ክርክሩ ለእኔ አዲስ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ወጣት ሳለሁ በገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ሦስት ሰዓት በእግሯ የመጣች እናት ልጇ መርፌ ሳይወጋ ብትመለስ እንዳልታከመ ትቆጥረው ነበር። እሷ እንዳይከፋት ብዬ፣ ጉንፋን መሆኑን እያወቅሁ ፔኒሲሊን የወጋሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። ዛሬም ይቆጨኛል። ለዚህ ነው ልጄን ቆጣ ያልኳት። ካፕሱሉን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅዬ ቁጭ በይ አልኳት።

አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ለውጊያ ከተሰለፉት ነጭ የደም ሴሎች ነው። በውስጣቸው አረንጓዴ ኢንዛይም አለ፤ ብዙ ሆነው ሲሞቱ ንፍጡን ያቀልሙታል። ባክቴሪያ ገብቷል ማለት አይደለም።

ከአፍንጫ ጀምሮ እስከ ሳንባ ድረስ የአየር ቧንቧችን በሴሎች የተለበጠ ነው። ከፊሎቹ ንፍጥ ያመነጫሉ። ሌሎቹ አናታቸው ላይ ሲሊያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጸጉሮች አሏቸው፤ በአንድ ሴል ላይ 200 ያህል ይሆናሉ። በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ፣ አቧራና ጀርም የተጣበቀበትን ንፍጥ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። መጥረጊያ ሳያስቀምጡ ቀን ከሌት እንደሚጠርጉ የቤት ልጆች ማለት ናቸው።

ቫይረሱ ይህን አልፎ ሴል ውስጥ ከገባ ሌላ ነገር ይጀመራል። ቫይረስ በራሱ መባዛት ስለማይችል ሴሉን አስገድዶ የራሱን አር ኤን ኤ ያስገለብጠዋል። ሴሉ ግን የዋዛ አይደለም። የራሱ መልእክት የሚጽፍበት አር ኤን ኤ ጫፉ ላይ እንደ ማኅተም ያለ ምልክት አለው። የብዙ ቫይረሶች ቅጂ ግን ወይ ማኅተሙ ይጎድለዋል፣ ወይ እንደ ተገመደ ክር ድርብ ሆኖ ይገኛል። በሴሉ ውስጥ ይህን ብቻ የሚመረምሩ ፕሮቲኖች አሉ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ ቀበሌ የገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ!

በዚህ ጊዜ ሴሉ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ውጭ ይለቃል። በፈረንጆቹ 1957 ዓ.ም ለንደን ውስጥ ያገኙትና ስሙንም ያወጡለት አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ሳይንቲስቶች ናቸው። መልእክቱ ለጎረቤት ሴሎች ነው፤ «እኔ ተይዣለሁ፣ እናንተ በራችሁን ዝጉ» እንደማለት። ጎረቤቶቹ ይህን ሲሰሙ ቫይረስ እንዳይገለበጥባቸው የሚከላከሉ ፕሮቲኖችን ያዘጋጃሉ። የተያዘው ሴል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያጠፋል። ጉንፋን ሲይዘን ሰውነታችንን የሚቆራርጠን፣ የሚያተኩሰንም በከፊል ይኸው ጥሪ ነው። ኢንተርፌሮን ለሄፓታይተስ ሲ ሕክምና በመርፌ ይሰጥ በነበረ ጊዜ፣ ታማሚዎቹ ልክ ኢንፍሉዌንዛ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጡ ነበር።

በኮቪድ ጊዜ ልጆች ለምን ቀለል እንዳለላቸው የበርሊን ተመራማሪዎች ሲያጠኑ፣ የልጆች የአፍንጫ ሴሎች ጠቋሚ ፕሮቲኖቻቸውን ከአዋቂዎቹ ይበልጥ አስቀድመው አዘጋጅተው አገኟቸው። የእኛ የአያቶቹ ዘበኛ ግን ዘግየት ብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ከልጅ ልጃችሁ ጉንፋን ሲጋባባችሁ እናንተ ብትጠኑ አትደነቁ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። አሞክሲሲሊን ከዚህ ነገር አንዱንም አይነካም፣ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው አልኳት። አመነችኝ።

ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን የልጁ አተነፋፈስ ቀሰቀሰኝ። ልብሱን ገለጥኩና የእጅ ሰዓቴን ይዤ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። 46። ደገምኩት፤ 47። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ተረጋግቶ ሳለ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመቱ ላለ 50፣ ከዚያ ለሚያንስ ሕፃን ደግሞ 60። ደረቱ ግን ወደ ውስጥ አይሰረጉድም፤ ጡጦውንም አልተወም። እስኪነጋ ድረስ አጠገቡ ተቀምጬ ስቆጥር፣ የልጄን ፊት እንዴት እንደማየው ነበር የማስበው።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የሳንባ ምች ተባለ። የታዘዘለት መድኃኒት አሞክሲሲሊን ነው፤ በክብደቱ ልክ የተመጠነ፣ በውኃ የሚሟሟ እንክብል። ልጄ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቀና ብላ አየችኝ እንጂ።

መልሴ እንደ ማምለጫ እንዳይሆንብኝ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ቫይረሱ ሲሊያዎቹን ሲያራግፋቸው መጥረጊያው ይቆማል፤ አክታ ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያ በዚያ በኩል ሊወርድ ይችላል። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲፈጅ፣ በዓለም ዙሪያ አብዛኛውን ሰው የጨረሰው በኢንፍሉዌንዛው ላይ የተደረበው የባክቴሪያ ሳንባ ምች ነበር። ረቡዕ ማታ በግምት የተከፈለ ግማሽ ካፕሱል ቢሰጠው ኖሮ ያድነው ነበር ብዬ አላምንም። መቁጠር የነበረብኝ ግን ከረቡዕ ጀምሮ ነው። እኔ ንግግሬ ጣፍጦኝ ልጁን አላየሁትም።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ያን ሳምንት በሙሉ ቡናዬን የማፈላው እሱ በሚተኛበት ሳሎን ነበር፤ ከሰሉም፣ ዕጣኑም፣ የቆላሁት ቡና ጭስም እዚያው። ጭስ ሲሊያን እንደሚያደነዝዝ ስንት እናት አስተምሬበታለሁ። ኅዳር 12 ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» እያለ የኅዳር በሽታን ያስባል። ልማዱን እወደዋለሁ፤ ጭሱን ግን ከሳንባ በሽታ መታሰቢያ ጋር ማስታረቅ አቅቶኛል።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ ተስተካከለ፣ መድኃኒቱንም ጨረሰ። ሳሉ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ የተራገፈው እስኪበቅል ነው። ቡናው አሁን በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው፣ ቢበርደኝም። ካፕሱሉ አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ አለ።

ትናንት ማታ እንደገና አፍንጫው ፈሰሰ። ወደ መኝታ ቤት ብቅ ስል ልጄ ስልኳን ይዛ፣ ዓይኗን ከደረቱ ሳትነቅል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጇን አንስታ ዝም አስባለችኝና ትንሽ ቆይታ፣ «28» አለችኝ።