ከላስታ የሚሄደው ተማሪ ስንቁ ምንድር ነው?

ልጅ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ እናቱ በሶና ዳቦ ቆሎ ትሰንቅለታለች፤ አባቱም መርቆ ይሸኘዋል። ያደገበትን ሥፍራና በልጅነቱ የለመደውን ዕውቀት ግን ቤተ ሰቡም ሆነ ልጁ ራሱ እንደ ስንቅ አይቈጥረውም። ዛሬ ለአንባብያን ልናሳስብ የወደድነው ስለዚሁ ነው።

ካስተማርናቸው ልጆች አንዱ፣ በላሊበላ አካባቢ የተወለደ የቄስ ልጅ፣ በባሕር ዳር ምሕንድስና ጀምሮ ለዕረፍት ወደ አገሩ ተመለሰ። አዲስ የገቡት ተማሪዎች ሁሉ ስለ አስተዳደጋቸውና ስለሚወዱት ነገር እንዲጽፉ ታዝዘው ኖሯል። ከከተማ የመጡት ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ሞተር በሰፊው ሲጽፉ፣ እርሱ የትውልድ አገሩን ብቻ ጽፎ የቀረውን ባዶ ትቶታል። «መምህር፣ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ? ከብት ስጠብቅና ዳዊት ስደግም አደግሁ እንጂ አንዲት ራዲዮ እንኳ ፈትቼ አላውቅም። ትምህርቱን ብለውጥ ይሻለኛል» አለን። አባቱም፣ «ድንጋይ መጥረቡንማ አባቶቻችን ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቁት ነበር፤ ከከበደው ይመለስ» አሉ።

እኛም ባሕረ ሐሳብ መማሩን እናውቅ ነበርና የ2017 ዓ.ም. አበቅቴ ስንት እንደ ነበረ ጠየቅነው። ወዲያው አሰላው፦ ዓመተ ዓለሙ 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል፤ 11 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 1 አበቅቴው ነው። «ኮምፒዩተር የሚያሠሩ ሰዎችም ይህን በቀሪ ቍጥር የመሥራት ስሌት ዘወትር ይጠቀሙበታል» አልነው።

ቀጥለንም የዝናቡ ውኃ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቅነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲመላለስበት ኖሯልና ቦዩን፣ ተዳፋቱንና ውኃው የሚቋጥርበትን ሥፍራ በጣቱ መሬት ላይ ሣለልን። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች የፈለፈሉት ጠቢባን፣ ውኃው መውጫ ባያዘጋጁለት ኖሮ፣ የቆፈሩት ሁሉ ኩሬ በሆነ ነበር። «እንግዲህ የምትወደውን ነገር ሣልኸው፤ ይህንኑ ጻፍ» አልነው።

ይህን ስንል ግን የአብነት ትምህርት የምሕንድስናን ትምህርት ይተካል ማለታችን አይደለም። የዐለቱ ጥንካሬና የሚሸከመው ክብደት በሒሳብና በፊዚክስ ይለካል እንጂ በቃል ጥናት አይገኝም። አባቶች መጥረቡን ያውቁ ነበር፤ የዛሬው ችግር ግን የተጠረበውን ማቆየት ነው። ቀድሞ ዝናብ እንዳያሰርግ ተብሎ ጣሪያው ላይ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር፤ ያም እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ስለ ጐዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በተጀመረው ጥገና እንዲነሣ ተደረገ። በ2008 ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ መጠለያዎች ቆሙ፤ ሕዝቡም ክብደታቸው ዐለቱን እንዳይጐዳው ሠግቶ፣ በ2018 ይነሡልን ብሎ ሰልፍ ወጣ። ሥጋቱ እውነት መሆኑን መርምሮ የሚመልስ፣ ቦታውንም ቋንቋውንም የሚያውቅ የአገር ልጅ ያስፈልጋል።

ይህንንም ለአባትየው ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንኪያስ ይማር፤ ሲመለስ ግን ማኅሌቱን እንዳይረሳ» አሉ። ልጁም ባዶውን ገጽ ሞልቶ ሄደ፤ አሁንም ከሁሉ የከበደው ሒሳቡ መሆኑን፣ ነገር ግን እንዳልተወው በስልክ ነግሮናል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ስትሸኙ ከበሶው ጋር ይህንም ንገሩት፦ የመጣበት ሥፍራ የሚያሳፍር አይደለም፤ ከዚያ ተነሥቶ ያልተማረውን ደግሞ ተግቶ ይማር። የጥበብ ባለቤት እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድልልን፤ አሜን።