አያታችንና የሮማ ፊደል

ዛሬ የምናጫውታችሁ በልጅነታችን ስለሄድንበት አንድ መንገድ ነው። የምንጽፈው ሁለት ሆነን ነው፤ እህትና ወንድም ነን። ጊዜው ሐምሌ 1985 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ አንዳችን የ9 ዓመት፣ ሌላችን የ7 ዓመት ልጅ ነበርን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዓመት ቁጥር ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው።

የምንኖረው ከአባትና ከእናታችን ጋር በጀርመን አገር፣ በሙኒክ ከተማ ነበር። በዚያ ክረምት የአባታችን እናት ሊጠይቁን ከደብረ ብርሃን መጡ። እኛ «እማማ» እንላቸዋለን። አባታችን የእረፍት ጊዜው ሲደርስ፣ «እማዬ፣ በመኪና ጣሊያንን ላሳይሽ» አላት። እማማ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «አባቴ በ1928 ማይጨው ዘምቶ ቀረ። ስድስት ዓመቴ ነበር። የገደሉትን ሰዎች አገር ምን ላደርግ ነው የማየው?» አሉ።

አባታችንም፣ «የአክሱም ሐውልት እኮ እዚያ ነው ያለው» አለ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያስ ልየው» አሉ። ጉዞው በዚህ ተቆረጠ።

ከመሄዳችን በፊት ስለ እማማ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እማማ ፊደል የቆጠሩት በ49 ዓመታቸው ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በቀበሌያቸው ተመዘገቡ። ያስተማራቸው የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ተማሪ ነበር። «እጄ እርሳስ ከመያዝ ሞፈር መያዝ ይቀለው ነበር» ይሉናል። ከዚያ ወዲህ ግን ደብተርና እርሳስ ከእጃቸው አይለይም። አዲስ ቃል ባዩ ቁጥር ይጽፋሉ። ጣሊያን ሲሄዱም ደብተራቸውን ያዙ።

በአሮጌ ኦፔል መኪናችን አምስት ሆነን ተነሣን። ኦስትሪያን አቋርጠን ብሬነር ከሚባለው የተራራ በር ደረስን። ኦስትሪያና ጣሊያን የሚዋሰኑት በዚያ ነው። አባታችን መኪናውን አቁሞ፣ «እማዬ፣ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነን፤ 1,370 ሜትር ነው» አለ። እማማ ግራ ቀኝ አዩና፣ «ደብረ ብርሃንስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። «2,800 ገደማ» አለ። «ታዲያ ይሄ ቆላ ነው!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ከፍ ያለ ተራራ ያለው በአውሮፓ ብቻ ይመስለን ነበር።

ከተራራው ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ። ፖ በሚባለው ወንዝ ዳርና ዳር ሜዳው አያልቅም። ፖ የጣሊያን ረጅሙ ወንዝ ነው። ግራና ቀኙ በቆሎ ነው። እማማ በመስኮት እያዩ፣ «አፈሩ መልካም ነው፤ ይህን የመሰለ መሬት እያላቸው ምን ፈልገው መጡብን?» አሉ። አባታችን መልስ አልሰጠም። እኛም ጥያቄው ለብዙ ጊዜ በጆሯችን ቀረ።

ቬኒስ ደረስን። ቬኒስ ከመቶ በላይ በሆኑ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራ ከተማ ነው። በደሴቶቹ መካከል መንገዱ ውሃ ነው። ቤቶቹ የቆሙት ጭቃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። በከተማው ውስጥ መኪና አይገባም። በሽተኛ የሚጭነው ጀልባ ነው፤ ቆሻሻ የሚሰበስበውም ጀልባ ነው። እኛ ልጆቹ በደስታ ዘለልን። እማማ ግን ጀልባ ላይ ሲወጡ አማተቡ፤ እስኪወርዱም ድረስ የእናታችንን እጅ አልለቀቁም።

በሦስተኛው ቀን ሮማ ገባን። ሮማ ላይ እማማን በጣም ያስደሰታቸው በየመንገዱ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው። አጭር የብረት ምሰሶ ነው፤ ከአፉ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ሌት ተቀን ይፈስሳል። አላፊ አግዳሚው ጎንበስ ብሎ ይጠጣል። ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። «ይህ የጽድቅ ሥራ ነው» አሉ።

ያደርንበት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ በትልቁ የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ቪያ ፓሌስትሮ በሚባል መንገድ ላይ ነበር። «ቪያ» ማለት መንገድ ማለት ነው። ጣቢያው ደግሞ ተርሚኒ ይባላል። በጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አባታችን ምክንያቱን ነገረን። በ1879 ዓ.ም. የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ የጣሊያን ወታደሮችን ድል አደረገ። ከአራት መቶ በላይ ሞቱ፤ አደባባዩ የተሰየመው ለእነሱ ነው። እማማ ይህን ሰምተው፣ «እነሱም ለሞተባቸው ያለቅሳሉ» አሉ።

በማግስቱ ወደ ሐውልቱ ልንሄድ ተነሣን። ስንወጣ እማማ በሩ አጠገብ ቆመው ቀሩ። በሮማ የመንገድ ስም በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ነጭ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል። እማማ ያንን እያዩ በደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። እኛ ቸኩለን፣ «እማማ፣ እንሂድ እንጂ!» አልናቸው። «ቆዩ፣ ልጨርስ» አሉ። አሥራ አንዱንም ፊደል ጻፉ።

የተሳፈርነው በሜትሮ ነው። ሜትሮ ማለት በከተማ ውስጥ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ነው። ተርሚኒ ላይ ሰው ይጋፋል። እኛ ከእናትና ከአባታችን ጋር ገባን። እማማ ከኋላችን ነበሩ። በሩ በድንገት ተዘጋ። በመስታወቱ በኩል ነጭ ነጠላቸውን አየነው። ባቡሩ ሄደ።

እኛ ጮኸን አለቀስን። እናታችን በሩን በእጇ ደበደበች። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደን በሌላ ባቡር ተመለስን። እማማ የሉም። ላይ ታች ፈለግን። አባታችን ለፖሊስ ተናገረ። የእማማ ጣሊያንኛ «ግራዚ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። የማረፊያውን ስም አያውቁም፤ ስልክ የላቸውም። አባታችን ፊቱ ሲገረጣ ያየነው የዚያን ዕለት ነው። «ምነው ባላመጣኋት» እያለ ይንቆራጠጥ ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እናታችን፣ «ምናልባት ወደ ማረፊያው ስልክ ደውለው ይሆናል» ብላ ወደዚያ ሄድን። በሩን ስንከፍት እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ! አጠገባቸው የማረፊያው ባለቤት፣ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት፣ እጃቸውን ይዛ ተቀምጣለች።

አባታችን እግራቸው ላይ ወደቀ። «እማዬ፣ እንዴት አድርገሽ መጣሽ?» አለ።

እማማ ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩን። «አንብቤ ነዋ!» አሉ።

እንዲህ ነበር ያደረጉት። ብዙ ሰው የሚወጣበትን ደረጃ ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ በየመንገዱ ማዕዘን እየቆሙ በግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከደብተራቸው ጋር አመሳሰሉ። የፊደሎቹን ድምፅ አያውቁም፤ ግን ለእያንዳንዱ ምልክት አውጥተውለት ነበር። የመጀመሪያው፣ «ታቹ የሾለ ሀ» ነው። ሁለተኛው፣ «ዘንግ» ነው። ሦስተኛው፣ «ወገቧን የታጠቀች ለ» ናት። መካከል ላይ «እባብ» አለ። የመጨረሻው፣ «ዐይኑ ዐ፣ የእኛው ራሱ» ነው። አንዱን መንገድ አይተው፣ «ይህ እባብ የለውም» ብለው ያልፋሉ። ሌላውን አይተው፣ «ይህ በዐ አያልቅም» ብለው ይተዋሉ። አሥራ አንዱም ሲገጥም በዚያው ገቡ።

«ፈርተው ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «ፈራሁ እንጂ፤ ፊደል ሳልቆጥር ቢሆን ግን እዚያው ቆሜ አለቅስ ነበር። አንድ ፊደል የለመደ ዓይን ሌላውንም ያያል» አሉን።

ስለ ቡናው ግን ቅር ብሏቸው ነበር። «ስኒዋ አንድ ጉንጭ እንኳ አትሞላም፤ ሁለተኛም የለው፣ ሦስተኛም የለው» አሉ። ባለቤቲቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአንድ ወጣት ወታደር ፎቶግራፍ በጣቷ እያሳየች ማልቀሷንም ነገሩን። ልጇ ይሁን ወንድሟ አላወቁም፤ የት እንደሞተም አልገባቸውም። እሳቸውም በአማርኛ ስለ ማይጨው ነገሯት። እሷም አልገባትም። ሁለቱም ግን አልቅሰዋል።

ከመካከላችን አንዱ፣ «አባትዎን የገደሉት እነዚህ አይደሉም እንዴ?» አለ። እማማም፣ «እሷ ቡና ነው የሰጠችኝ። ጦር ያዘመተ ሌላ፣ ሟች ሌላ» ብለው መለሱ።

በማግስቱ ሐውልቱን አየን። ፋኦ በሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ ፊት ለፊት፣ መኪና በሚበዛበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ ነው። የሞሶሊኒ መንግሥት በ1929 ዓ.ም. በየክፋዩ እስከ ምጽዋ በመኪና፣ ከዚያም በመርከብ ወሰደው። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሮማ ውስጥ ተተክሎ ተመረቀ። በ1939 ዓ.ም. ጣሊያን በሰላም ስምምነት የወሰደችውን ቅርስ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ ነበር። እኛ ስናየው ከፊርማው 46 ዓመት አልፎ ነበር።

እማማ አንጋጠው አዩት። «የተጻፈበት ነገር የለም?» አሉ። አባታችን፣ «የለም፤ በርና መስኮት ብቻ ነው የተቀረጸበት» አላቸው። «በርና መስኮት ካለው ቤት ነው» አሉ እማማ። «ባለቤት ያለው ቤት ነው። አንድ ቀን ይገባል።» ከዚያ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር እጅ ነሡ። የሚያልፉ ሰዎች ያዩን ነበር፤ እኛ ልጆቹም አፍረን መሬት መሬቱን አየን። ዛሬ የምናፍረው በዚያ እፍረታችን ነው።

በዚያው ቀን ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሄድን። አባታችን፣ «ከዚህ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የድሮ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ያርፉበት ነበር። ከሮማ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን የተማረ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ፣ በ1505 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው» አለን። እማማ ፊደል የተማሩት ዳዊት ለመድገም ብለው ነበር። «ፊደላችን ከእኛ ቀድሞ እዚህ ደርሷል በሉኛ!» አሉ።

የመጨረሻው ጉዟችን በኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው ፖምፔይ ነበር። ፖምፔይን እሳተ ገሞራ የቀበራት ከ1,900 ዓመታት በፊት ነው። በአንድ ቤት መግቢያ ላይ በትናንሽ ድንጋዮች የተሠራ የውሻ ሥዕል አለ። ከሥሩ፣ «ከውሻ ተጠንቀቅ» የሚል ጽሑፍ አለበት። እማማ አስተርጉመው ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኛም አገር በበሩ ላይ ይጻፋል። ጽሑፉ ለተማረ፣ ሥዕሉ ላልተማረ ነው። ድሮ እኔ ሥዕሉን ነበር የማየው» አሉ።

ዓመታት አለፉ። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በትልቅ የጭነት አውሮፕላን አክሱም ገባ። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ በቦታው ቆሞ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን ከደብረ ብርሃን ደብዳቤ ደረሰን። በእማማ እጅ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ ጠመም ያለ ነው። «ልጆቼ፤ ቤቱ አገሩ ገባ። በራዲዮ ሰማሁ። አባቴን አስታወስኩት። ይህን ያስጻፍኩት በሰው አይደለም፤ እኔው ነኝ» ይላል።

እማማ በ2003 ዓ.ም. አረፉ። ደብተራቸው ዛሬ በእኛ እጅ ነው። ገጹን ስንገልጥ ታቹ የሾለውን ሀ፣ ወገቧን የታጠቀችውን ለ፣ በመጨረሻም ዐይኑን ዐ እናያለን።

ውድ አዲስ አንባቢዎች፤ እናንተም ወደማታውቁት ከተማ ስትሄዱ፣ ያደራችሁበትን ቦታ ስም ቆም ብላችሁ ገልብጡ። «ቶሎ በል» የሚል ቢኖር፣ እንደ እማማ፣ «ቆይ፣ ልጨርስ» በሉት።