የሚነዝር ቱቦ

የተማርኩት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው፣ የምሠራው ሶፍትዌር። ቤተሰቤ ግን ይህን ልዩነት አይቀበልም፤ ምጣድ አልግል ሲል የሚደወለው ለእኔ ነው። ባለፈው ደግሞ ትንሽ ምግብ ቤት ያላት አክስቴ ደውላ «የጭስ መሳቢያው ሠራተኞቼን እየነዘረ ነው፤ እስቲ ና እይልኝ» አለች።

ከምድጃዎቹ በላይ ተነስቶ ጣሪያ ላይ እስካለው ማራገቢያ የሚወጣ የላሜራ ቱቦ ነው። ወጥ የሚሠሩት እናት «ሁልጊዜ አይደለም ልጄ፤ ወለሉ ታጥቦ በባዶ እግሬ ስሆን ነው» አሉኝ። እንዲህ ጥርት ያለ የባግ ሪፖርት ከመሥሪያ ቤት ደርሶኝ አያውቅም።

አክስቴ «ኧርዝ አለው እኮ!» ብላ ጓሮ የተቀበረ ዘንግ አሳየችኝ። አለው፤ ሽቦው ግን የታሰረው ማራገቢያው ላይ ነው። የሞተሩ መንቀጥቀጥ ወደ ታች እንዳይተላለፍ ደግሞ በማራገቢያውና በቱቦው መሀል ሸራ ገብቷል። ሸራ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቱቦው ከኧርዙ ተቆርጦ ለብቻው ቀርቷል፤ የመብራቱ ገመድ ደግሞ የላሜራው ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ልባሱ ሳስቷል።

ቱቦው ከዘንጉ ጋር ቢገናኝ እንኳ አይበቃም። ብዙ ሰው መሬት ኤሌክትሪክ የሚውጥ ይመስለዋል። ከረንት የሚፈልገው ወደ ተነሳበት ትራንስፎርመር መመለስ ነው፤ በአፈር በኩል ደግሞ መንገዱ ዳገት ነው። የዘንጉ ሬዚስታንስ 50 ኦም ነው እንበል። 220 ቮልት ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፒር። ባለ16 አምፒር ብሬከር ለዚህ ንቅንቅ አይልም። ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፒር አንድ አሥረኛው እንኳ ሊበቃ ይችላል።

ኤሌክትሪሺያን ጠራን። ገመዱን ቀየረ፣ ሸራውን በመዳብ ጥልፍ አሻገረ፣ ቱቦውን በሽቦ ከቦርዱ ኧርዝ ጋር አሰረ። የወጣውና የተመለሰው ከረንት በ30 ሚሊ አምፒር ሲለያይ የሚቆርጥ ብሬከርም ይግባ አልኩ። አክስቴ ዋጋውን ስትሰማ «ነዘረ እንጂ ማን ሞተ?» አለች። ወጥ የሚሠሩት እናት ቀና ብለው አዩዋት። ከፈለች።

በማግስቱ ጠዋት ደወለች። «ያስገዛኸኝ ነገር አይሠራም! ምጣዱን በሰካሁ ቁጥር ያጠፋብኛል።»

ምጣዱን ማንም እንዳይነካው አልኳትና ታክሲ ያዝኩ።